የዘጠነኛ ለ ድረ ገጽ ምረቃ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ማርያምን እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረችበት የለችም፤ ተቀንሶለት ይሆናል እንጂ፣ ምክንያቱም ሁሉም እንደሆነው ቢነገር ሰሚው ተነሥቶ ይሄዳል። የሚጠራጠር ካለ ቦንጋ ይምጣና መጀመሪያ ያገኘውን የባጃጅ ሹፌር ይጠይቅ። ሹፌሩ «አልሰማሁም» ካለ ያ ሰው የቦንጋ ልጅ አይደለም፤ ትናንት የመጣ ነው።

በዚያ ዓመት የዘጠነኛ ለ ክፍል ኃላፊ ከፈለኝ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሃምሳን የያዘ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ግራጫ ኮቱን በበጋም በክረምትም የማያወልቅ። አንዳንዶች ከኮቱ ጋር ነው የተወለደው ይላሉ። ካርታ ሳያይ የዓለምን ወንዞች ከምንጫቸው እስከ መግቢያቸው ይጠራል፤ ጎጀብን ሲጠራማ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች እግራቸውን ይሰበስባሉ። ኮምፒውተርን በተመለከተ ግን፣ እውነት ነው ብለን ምለናልና እንናገረው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የነካው አቧራውን ሊያብስለት ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ውስጥ ነው። አንድ ሰኞ ትምህርት ሲያልቅ ልጆቹ ወጥተው ሔርሜላ ብቻ ቀረች። ሔርሜላ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ከክፍሉ ብቻ አይደለም፣ ከትምህርት ቤቱ፤ ከትምህርት ቤቱም አልፎ ቢመዘን ከዞኑ የሚደርስባት መኖሩ ያጠራጥራል። ሰሌዳው አጠገብ መጥታ ቆመችና የጠመኔውን ዱቄት በጣቷ መጥረግ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ሰኔ ላይ መልቀቂያ ልወስድ ነው።»

«ወዴት?»

«ሺሺንዳ። እናቴ ጋ።»

የሔርሜላ እናት እትዬ አልጣሽ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ልጅቷ ቦንጋ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም። ችግሩ እሱ ነው፣ ምን እንደማደርግ አታውቅም። የወላጅ ስብሰባ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ ዕቃዋን ለማን ትታ ትመጣለች? ‹አንድ ቀን እንኳ ስትማሪ አላየሁሽም፤ ሺሺንዳም ትምህርት ቤት አለ፣ እዚሁ ዓይኔ ሥር ሁኚ› አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነው መማር የምፈልገው» አለች፣ ጣቷን ከሰሌዳው ሳታነሣ።

ከፈለኝ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። የዚህ ሰውዬ አፍ ከባለቤቱ ቀድሞ የመሄድ ልማድ አለው፤ ያን ቀንም ቀደመው። «እናትሽ እዚያው ሽንኩርቷ አጠገብ ተቀምጣ ስትማሪ ታይሻለች» አላት።

«እንዴት አድርጋ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር። ከክፍሉ እስከ መምህራን ማረፊያ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሲደርስ ግን ነገሩ መልክ ይዞለት ነበር። በሩን ከፈተና ሻይ የሚጠጡትን በሙሉ አየት አድርጎ፣ «ለክፍሌ ድረ ገጽ ልሠራ ነው» አለ።

የአይሲቲዋ መምህርት ሙሉብርሃን የሻይ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ጋሼ እያለች ታከብረዋለች፣ በዚያው አፏ ታሾፍበታለች።

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ሴሚስተር የክፍሉን ማርክ በሙሉ በአንዲት ጣት ያጠፉት እርስዎ አይደሉም?»

«አጥፍቻለሁ። ያን ሁሉ ባንዴ ማጥፋት የቻለ ሰው መሥራት ያቅተዋል?»

ማረፊያው በሳቅ ተናወጠ። ዳይሬክተሩ ጣሰው ከወዲያ ጥግ ራሱን ከጋዜጣ ላይ አነሣ። ከከፈለኝ ጋር በአንድ ዘመን ማስተማር የጀመሩ፣ እንደ ወንድማማች የሚነታረኩ ሰዎች ናቸው።

«ከፌ፣ ወላጅ እዚያ ላይ ምን ያያል?»

«ልጁን። ልጁ የተቀመጠበትን ወንበር፣ የሠራውን የቤት ሥራ፣ መምህሩን።»

«መምህሩን ካየማ ልጁን ያስወጣዋል» አለ ጣሰው፣ ወደ ጋዜጣው እየተመለሰ።

ሙሉብርሃን ግን መሳቋን ትታ ማሰብ ጀምራ ነበር። «ገጹን በነፃ መክፈት ይቻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጽሑፍ ብንሞላበት ማን ያነበዋል? ከወላጆቹ ግማሹ አማርኛ ማንበብ አይችልም።»

እዚህ ላይ ከፈለኝ ያን የታወቀውን ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ የሙሉብርሃን ነው የሚሉ አሉ፤ እሷም አንዳንድ ጊዜ ትላለች። ያመጣው ግን ከፈለኝ ነው፤ እሷ ቀድማ ተናገረችው እንጂ። ልጆቹ ድምፃቸውን ይቀረጻሉ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ ወላጅ የልጁን ፎቶ ሲነካው ልጁ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ «እማዬ፣ በዚህ ሳምንት የተማርኩት ይህን ነው» ብሎ ይነግረዋል። ማንበብ አያስፈልግም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ወላጅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ቢጻፍ የዚህን ወረቀት ሦስት እጥፍ ይወስዳል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የዘጠነኛ ለ ልጆች ይሰለፋሉ። ለፎቶ ነው። አንዱ ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰውን ጥቁር መነጽር አድርጎ ይመጣል፣ አንዷ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ፀጉሯን ተሠርታ ትመጣለች። ከፈለኝ እንደ ፊልም አዘጋጅ መሀል ቆሞ፣ «አንተ መጽሐፉን ግለጥ፣ ገልጠህ ያዝ እንጂ ገልብጠህ አትያዝ» ይላል። ሙሉብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅራ ትጭናለች። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ጥቂት ነበሩ፤ ከፈለኝ አጠገባቸው ሲቆም ግን የማይሠሩትም መብራታቸው ብልጭ ብልጭ ማለት መጀመሩን በዓይናቸው ያዩ አሉ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይሁን የሚለው ጭቅጭቅ አስነሣ። ከፈለኝ የዓለም ካርታ ካልሆነ አለ፤ የሚሽከረከር፣ መሀሉ ላይ ቦንጋ በቀይ ነጥብ የምታበራ፣ ነጥቧም ከሩቅ እንድትታይ ማዳጋስካርን የምታህል።

«ጋሼ፣ ይኼን ከጫንኩ ገጹ ይከብዳል። በእጅ ስልክ አይከፈትም።»

«ምን ያህል ይከብዳል?»

«በጣም።»

ከፈለኝ አሰበ። «እንግዲያው እስያን አውጪያት።»

«እስያን?»

«ከእስያ የመጣ ተማሪ አለን እንዴ?»

በመጨረሻ የተስማሙት በትምህርት ቤቱ በር ፎቶ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን ድምፁ ነበር። ሚያዝያና ግንቦት ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሰው አያስወራም። የኮምፒውተር ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲጀምር መቶ ከበሮ አንድ ላይ የተመታ ይመስላል፣ የቀረጹት ሁሉ ጩኸት ሆኖ ይገኛል። ውጭ ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሞከሩ፣ ነጠብጣቡ ስልኩ ላይ እየወረደ አስቸገረ። ከፈለኝ ዝናቡን በጂኦግራፊያዊ ቃላት ሰደበው። አላቆመም። ያኔ ማንም አይቶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ኮቱን አወለቀ።  ሁለት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ኳሳቸውን ትተው መጡ። ከፈለኝ ኮቱን የሚቀረጸው ልጅ ራስ ላይ እንደ ድንኳን ጣለበትና ስልኩን ከሥር አስገባለት። ዝናቡ ውጭ ቀረ፤ የልጁ ድምፅ ከኮቱ ውስጥ እንደ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ወጣ። ከልብስ የተሠራ ስቱዲዮ በዓለም ላይ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ካለም የጂኦግራፊ መምህር አልሠራውም።

ሔርሜላ ተራዋ ሲደርስ ከኮቱ ሥር ገባች።

«ምን ልበላት?» አለች ከውስጥ።

«የተማርሽውን።»

«ብዙ ነው እኮ።»

«እናትሽ ምን ትጠይቅሻለች?»

ኮቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «‹ይኼ ዝናብ ለምን ገበያ ገበያዬን ብቻ ይጠብቃል› ትላለች ሁልጊዜ።»

«በይ እሱን መልሺላት።»

መለሰችላት። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ ተራራው ወደ ላይ እንደሚገፋው፣ ወደ ላይ ሲወጣ እንደሚቀዘቅዝ፣ ደኑም የራሱን ትንፋሽ እንደሚጨምርለት፤ ሁሉንም በካፊኖኖ፣ ለሽንኩርት ሻጭ እንደሚነገር አድርጋ። ከፈለኝ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ዝናብ ላይ ቆሞ ሰማት። ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማረውን ትምህርት ያን ቀን ገና እንደገባው ለራሱ ተናገረ፤ ለሌላ ሰው ግን ይህን አይናገርም፣ እናንተም እንዳትነግሩት።

አንድ ከሰዓት ሙሉብርሃን ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ «ጋሼ፣ በስልክዎ ይሞክሩት» አለችው። ሞከረው። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ በር ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ ከሥሩ «ዘጠነኛ ለ» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያም ልጆቹ በየፎቷቸው፣ ጥቁር መነጽሩ ሳይቀር። ከፈለኝ ቃል ሳይናገር ሮጠ። በሩ ላይ ወዳሉት ዘበኛ ሮጦ በእሳቸው ስልክ አስከፈተው፤ ተከፈተ። መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ በሹፌሩ ስልክ አስከፈተው፤ ተከፈተ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ «ልውረድ ወይስ እንሂድ?» አሉት። «ይቆዩ፣ እርስዎም ይክፈቱት» አላቸው። የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር፤ እንኳን ድረ ገጽ ራሱም በግድ ነው የሚከፈተው። እሳቸውም ግን ደስ አላቸው፤ የዚያን ዕለት ያልተደሰተ የቦንጋ ሰው አልነበረም።

ደስታው ዳይሬክተሩ ጣሰው ጆሮ ሲደርስ ግን ነገሩ መዓርግ አገኘ።

«ይመረቃል» አለ ጣሰው።

«ተከፍቷል እኮ» አለች ሙሉብርሃን። «ማንም ሰው አሁኑኑ ሊያየው ይችላል።»

«ሳይመረቅ ማን ያየዋል? የውኃ ቧንቧው ተመርቋል፣ የሽንት ቤቱ በር ሳይቀር ተመርቋል። ይኼ ሳይመረቅ ቢቀር ሰው ምን ይላል?»

«የሚቆረጥ ነገር የለውማ። ሪባኑን የት ላይ እናስረው?»

ይህ ጥያቄ መምህራኑን ግማሽ ቀን አከራከረ። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይታሰር አለ፣ አንዱ ሙሉብርሃን ላይ ይታሰር አለ። በመጨረሻ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቀኑም የወላጅ ስብሰባው ቅዳሜ። ከፈለኝ ለሔርሜላ ነገራት። «እናትሽ እዚያው ገበያ ላይ ሆና፣ ሪባኑ በተቆረጠበት ደቂቃ ታይሻለች።» ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌሊቱን ግን አክስቷን እንቅልፍ ስትነሣ አደረች ይባላል።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንምጣ። በግንቦት መሀል ቦንጋ ላይ ፀሐይ ወጣች። ዝናቡ ራሱ ፈቃድ ጠይቆ የቀረ ይመስል ሰማዩ ላይ የእጅ መሐረብ የምታህል ደመና አልነበረችም። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ጎረፈ። ከዋጫ የመጡ ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ ሳይቀር ወላጅ ጭነው ነበር። ድንኳኑ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፣ አጥሩ ላይ ሰው ተሰቀለ፤ ሺህ ነው የሚሉ አሉ፣ ሺህ ግን የተቀመጠው ብቻ ነው። ሞንታርቦው ሲከፈት ድምፁ ደኑ ውስጥ ገብቶ ጉሬዛዎቹን ቁልቁል አወረዳቸው። ጣሰው ንግግር አደረገ፣ ከፈለኝ ንግግር አደረገ፣ ከፈለኝ እንደገና ንግግር አደረገ።

ሪባኑን እንዲቆርጡ የተጠሩት የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አምባው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ ዋንዛ ሥር የጠነከረ አዛውንት።

ስህተቱ የተሠራው ግን ከእሳቸው በፊት ነው። ሙሉብርሃን ኔትወርኩ ከውጭ ስለሚሻል የኢንተርኔቱን ሳጥን አቮካዶው ላይ ሰቅላ፣ ገመዱን በኮምፒውተር ክፍሉ በር በኩል አሳልፋ አስገብታው ነበር። ሪባን እንዲያስሩ የታዘዙት ሁለት መምህራን ሪባናቸው መሀሉ ላይ እየረገበ አስቸገራቸው። ቀና ሲሉ በሩ ላይ የተወጠረ ቀጭን ገመድ አዩ። ደስ አላቸው። ሪባኑን በገመዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለሉት፤ ቀጥ አለ። እንደዚያ ያማረ ሪባን በዞኑ ታይቶ አያውቅም።

«መቀስ» አለ ጣሰው።

መቀሱ ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘችው አልጋነሽ ሕዝቡ መሀል ተቀርቅራ ከሩቅ እጇን ታውለበልባለች፤ ማለፍ አልቻለችም።

«መቀስ ምን ያደርጋል?» አሉ አቶ አምባው፣ ገጀራቸውን ከወገባቸው እየመዘዙ። «ይኼም ይቆርጣል።»

ቆረጠ። ሕዝቡ እልል አለ፣ ሪባኑ ለሁለት ተከፍሎ ወረደ፤ አብሮት ሌላ ነገርም ወረደ። በድንኳኑ ውስጥ በተዘረጋው ነጭ አንሶላ ላይ በፕሮጀክተር ይታይ የነበረው የትምህርት ቤቱ በር ጠፋ። አንሶላው አንሶላ ሆነ።

«ጋሼ፣ ገመዱ» አለች ሙሉብርሃን።

አቶ አምባው ገጀራቸውን አዩ፣ ሪባኑን አዩ። «ውስጡ አጥንት ነበረው እንዴ?» አሉ።

ሔርሜላ ከተማሪዎቹ መሀል ቆማ ከፈለኝን ብቻ ነበር የምታየው። ሺሺንዳ ላይ እናቷ ከጎረቤታቸው የተዋሱትን ስልክ ይዘው የሚጠብቁት በዚያች ሰዓት ነው፤ ዛሬ ካላዩ ሰኔ ላይ መልቀቂያ ነው። ከፈለኝም ይህን ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይል ነበር፤ ከፈለኝ ግን ወንበር ላይ ወጣ። ድምፅ ማጉያውን አልፈለገም፣ የሱ ድምፅ ለብቻው ጅማ ይደርሳል።

«ወላጆች፣ ዝም በሉና ብሉቱዛችሁን ክፈቱ» አለ።

ገጾቹን በሙሉ፣ ከነፎቷቸው ከነድምፃቸው፣ አስቀድሞ በስልኩ አስቀምጧቸው ነበር። ከስልኩ ወደ አጠገቡ ሰው ስልክ ላከ፤ ያም ወደ ጎረቤቱ፣ ያም ወደ ኋላ። ግቢው ውስጥ ስልክ ለስልክ የማይነካካ ሰው አልነበረም፤ ቂም የነበራቸው ሰዎች ሳይቀሩ ፋይል ተቀባበሉ። የልጆቹ ድምፅ ከየአቅጣጫው በካፊኖኖ ይነሣ ጀመር፤ አንዱ ስለ ክፍልፋይ፣ አንዱ ስለ እንቁራሪት፣ አንዱ ስለ ፀሐይ ግርዶሽ። አባቶች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ «ዝም በሉ፣ የእኔ እየተናገረች ነው» ይባባላሉ። ከፈለኝ ለሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ በየስልካቸው አንድ አንድ ቅጂ ሰጣቸው። ሚኒባሶቹ ተነሡ። በዓለም ታሪክ ድረ ገጽ በሚኒባስ ሲጫን የመጀመሪያው ነው፤ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ይዞት ይወርዳል፣ ሲሳፈር ይቀበላል፣ ሺሺንዳ ከመድረሱ በፊት በየመንደሩ ተራግፎ ነበር።

ሺሺንዳ ገበያ ላይ እትዬ አልጣሽ የልጃቸውን ፎቶ ነኩት። ነፋሱን ሰሙ፣ ተራራውን ሰሙ፣ ደኑን ሰሙ። ከዚያ ሚዛኑን ከነሽንኩርቱ ጥለው በተመላሽ ሚኒባስ ቦንጋ ገቡ። ሕዝቡ እንደ ቀይ ባሕር ተከፍሎ አሳለፋቸው። ልጃቸውን አቀፉ፣ ከፈለኝን አቀፉ፣ በሺዎች ፊት ቆመውም «ልጄ ቦንጋ ትቆያለች፤ መልቀቂያ የሚል ሰው እንዳልሰማ» አሉ። ሕዝቡ ከፈለኝን ተሸክሞ ግቢውን አዞረው። ሰኞ ሙሉብርሃን ማረፊያው ውስጥ አፍንጫዋን አንሥታ «ጋሼ፣ ኮትዎ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» ስትለው፣ «እትዬ አልጣሽ አቅፈውኝ ነው» ብሎ መለሰላት።

ይህ ሁሉ በሰኔ መጨረሻ፣ ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ እዚያው ማረፊያ ውስጥ ተነገረ። ከዋጫ ሁለት መምህራን መጥተው ነበር፤ ለክፍላቸው እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ሊሠሩ ፈልገው፣ እንዴት እንደተሠራ ሊጠይቁ። ከፈለኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ ተረከላቸው። ገጀራው ጋ ሲደርስ በማስመሪያ አሳያቸው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ዋለ የሚባለው፣ እስክሪብቶው በእጁ እንደተንጠለጠለ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሙሉብርሃን ሻይዋን እያማሰለች ብርጭቆውን ብቻ ታያለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ጣሰው ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አድርጎታል፤ ጋዜጣው ይንቀጠቀጣል።

በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ካርድ የሚጠብቁ ወላጆች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ጥቁር ጃንጥላ ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሴት ነበሩ። ሔርሜላ አጠገባቸው ቆማለች።

ዋለ ዞር አለና አያቸው። «ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ እትዬ አልጣሽ?»

«ነኝ።»

«በፈጣሪ፣ እንዴት ነበር ያ ቀን? ሕዝቡ፣ ምረቃው።»

እትዬ አልጣሽ ከፈለኝን አዩት። ከዚያ ጃንጥላቸውን አዩ።

«እኔ ምረቃ አላየሁም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ቦንጋም መብራት ጠፍቶ ስብሰባው ቀርቷል ነው ያሉኝ። እኔ ቦንጋ አልመጣሁም።»

ከፈለኝ ኮቱን አስተካከለ። «እትዬ፣ ምናልባት ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ…»

«ሁለት ሰው ነው የመጣው» አሉ እትዬ አልጣሽ። «እርስዎና ልጄ። በሚኒባስ፣ ገበያው መሀል፣ እንዲህ በስብሳችሁ። እኔ ጋ ኔትወርክ አይገባም፣ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው የሚይዘው። ዕቃዬን ለማን ትቼ ልሂድ አልኩ። እርስዎ ‹ይሂዱ፣ እኔ አለሁ› ብለው ኬሻው ላይ ተቀመጡ። ኮትዎን አውልቀው ሽንኩርቱን አለበሱልኝ።»

ጋዜጣው መንቀጥቀጡን አቆመ።

«በረንዳው ላይ ከልጄ ጋር ቆሜ ሰማኋት። ዝናቡ ለምን እንደሚመጣ ነገረችኝ፤ እየዘነበ። እንደገና በይው አልኳት፣ እንደገና አለችው። እርስዎን ረስቼዎት ነበር። ስመለስ ውኃው ከፀጉርዎ ላይ እየወረደ ግማሹን ሸጠውልኝ አገኘሁ።» ጃንጥላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ሚዛን ግን አይችሉም። ለሁሉም እየጨመሩ ነው የሰጡት። እስከ ዛሬ ድረስ ደንበኞቼ ‹ያ ሰውዬ ዛሬም የለም ወይ?› ይሉኛል።»

 ከፈለኝ ሰባት አህጉርን ሊጠራ የተሰናዳ ያህል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋውና ከካርዶቹ መሀል የሔርሜላን መፈለግ ጀመረ።

«በሉ፣ ሚኒባስ ያመልጠኛል» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ካርዷን ብቻ ስጡኝ። መልቀቂያውን ተዉት።»